ከማን ጋር እንውላለን፣ ማንንስ እንመስላለን?

ክርስቲያን ወላጅ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሸኝ፣ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲልክ ወይም ቦሌ ኤርፖርት አድርሶ ሲሰናበት ከምክሮቹ ሁሉ የማይረሳው አንድ ነው፤ «ጓደኛህን ምረጥ» ይለዋል። ምክሩ የቆየ ነው፣ እውነትም ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ጓደኛ በምን ይመረጣል? ከኃጢአተኛ መራቅ ግዴታ ከሆነ ጌታችን ከቀራጮች ጋር ለምን በማዕድ ተቀመጠ? በደጋግ ሰዎች መካከል የኖረስ ደግ መሆኑ አይቀርም ማለት ነው?

ይህ ዳሰሳ የቅዱሳት መጻሕፍትን ምስክርነት፣ የአበውን ሕይወት፣ የኋለኞቹን ክርስቲያን ጸሐፊዎች ሐሳብ፣ የዘመኑን የሥነ ልቦና ጥናትና በአገራችን የኖሩትን ማኅበራት ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመለከታል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ድምዳሜ አንድ ስለሆነ ከመጀመሪያው ብናገረው ይሻላል። ሰው አብሮት የዋለውን ሁሉ አይመስልም። የሚመስለው በዓይናቸው ሞገስ ለማግኘት የሚጓጓላቸውን ሰዎች ነው። ስለዚህ ጓደኛን መምረጥ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ በማን ፊት መወደድን እንደምንሻ መምረጥ ነው።

የቆሮንቶስ ማስጠንቀቂያ

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥33 ነው። ክፉ ጓደኝነት ጥሩውን ጠባይ እንደሚያጠፋ ሐዋርያው ጳውሎስ የጻፈበት ይህ ቃል ወጣቶች ከመጠጥ ቤትና ከጫት ቤት እንዲርቁ ሲመከሩ ዘወትር ይነሣል። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ምዕራፍ 15 የሚናገረው ስለ ሙታን ትንሣኤ ነው። በቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉ ሰዎች ተነሥተው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው በቅድሚያ የሚመለከተው እነርሱን ነው። ሰዎቹ ከምእመናኑ ጋር አብረው የሚሰበሰቡ፣ አብረው የሚጸልዩ ነበሩ። ንግግራቸው ግን ተስፋን ከሥሩ ይነቅል ነበር። ከመቃብር ወዲያ ምንም የለም ብሎ ያመነ ሰው ዛሬን በልቶና ጠጥቶ ከማለፍ በቀር የሚቀረው ነገር የለም። ጠባይ የሚበላሸው ተስፋ ከተበላሸ በኋላ መሆኑን ሐዋርያው አይቷል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ቃሉ ከጳውሎስ በፊት በግሪኮች ዘንድ የታወቀ አባባል ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የተወለደው አቴናዊ የኮሜዲ ጸሐፊ ሜናንድሮስ «ታይስ» ብሎ ከጻፈው ተውኔት እንደመጣ ይታመናል። ስለ ክፉ ጓደኝነት የሚያስጠነቅቀው ሐዋርያ ከአሕዛብ አባባል ለመጥቀስ አልፈራም። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይም ሐሳቡን በግልጽ አስቀምጦታል። ከዓለም ኃጢአተኞች ጋር ጨርሳችሁ አትገናኙ ማለቱ እንዳልነበረ፣ እንዲያማ ቢሆን ከዓለም መውጣት ያስፈልግ እንደነበር፣ ጥንቃቄው ወንድም እየተባለ በክፋት ስለሚኖር ሰው እንደሆነ ያስረዳል። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። የማያምነውን ጎረቤት እንሸሻለን፤ በጉባኤ መካከል ተቀምጦ ሰው የሚያማውንና ጉቦ የሚቀበለውን ወንድም ግን እናከብራለን።

መጽሐፈ ምሳሌ ከቁጡ ሰው ጋር ወዳጅነት እንዳንጀምር ሲመክር (22፥24-25) ምክንያቱንም ይሰጣል፤ መንገዱን ተምረን በወጥመድ እንዳንያዝ ነው። ማንም ቁጣን በትምህርት ቤት አልተማረም። ቁጡውን ሰው ሲፈሩትና ሲታዘዙት አይቶ፣ ቁጣው እንዳዋጣው ተመልክቶ ነው የሚለምደው። የመጀመሪያው መዝሙርም ወደ ክፉ ጉባኤ የሚወስደውን መንገድ በሦስት እርምጃ ያሳያል፦ መሄድ፣ መቆም፣ መቀመጥ። መጀመሪያ የሚያልፍ ሰው፣ ቀጥሎ ጆሮውን የሚያውስ፣ በመጨረሻ ወንበር የተሰጠው። ወንበር ከተሰጠው በኋላ መነሣት ይከብደዋል፤ ተነሥቶ ቢሄድ የሚያጣው ቦታ አለና።

ሁለት ነገሥታት

ብሉይ ኪዳን ይህን ትምህርት ከምክር ይልቅ በታሪክ ይነግረናል። ከብዙዎቹ ሁለቱን ብቻ እናንሣ።

የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሊነግሥ ወደ ሴኬም ሲወጣ ሕዝቡ አንድ ነገር ጠየቀው፤ አባትህ የጫነብንን ቀንበር አቅልልልን አሉት። ሦስት ቀን ቀጠራቸው። በሰሎሞን ፊት ይቆሙ የነበሩት ሽማግሌዎች ዛሬ ብታገለግላቸው ዘወትር ያገለግሉሃል አሉት። አብረውት ያደጉት ባልንጀሮቹ ግን ከአባቱ የበረታ መሆኑን እንዲያሳይ መከሩት። ሮብዓም የእነርሱን ሰማ፤ ዐሥሩ ነገድ ከዳዊት ቤት ተለየ፣ መንግሥቱም ለሁለት ተከፈለ (1ኛ ነገሥት 12)። ይህ ታሪክ ሲሰበክ ሮብዓም ብዙ ጊዜ እንደ ልጅ ይታሰባል። መጽሐፉ ግን ሲነግሥ 41 ዓመቱ እንደነበር ይናገራል (1ኛ ነገሥት 14፥21)። በአብሮ አደጎች ፊት ደካማ መስሎ ላለመታየት መጨነቅ የጉርምስና በሽታ ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ቁጥር ያስተውል። ሚኒስትርንም፣ የድርጅት ኃላፊንም፣ የቤተ ክርስቲያን መሪንም የሚጥለው ይኸው ጭንቀት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይልቅ ጠልቆ ይሄዳል። ኢዮአስ በሰባት ዓመቱ ነገሠ፤ ያሳደገውና የመከረው ካህኑ ዮዳሄ ነበር። ዮዳሄ በሕይወት በነበረበት ዘመን ሁሉ ኢዮአስ ቅን ነገር አደረገ፣ ቤተ መቅደሱንም አደሰ። ዮዳሄ በ130 ዓመቱ ሞተ። ከዚያም የይሁዳ አለቆች መጡ፣ ለንጉሡም ሰገዱ፤ ንጉሡም ሰማቸው። ቤተ መቅደሱ ተተወ፣ ጣዖታት ተመለኩ። የዮዳሄ ልጅ ዘካርያስ ሕዝቡን ሲገሥጽ በንጉሡ ትእዛዝ በቤተ መቅደሱ አደባባይ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ (2ኛ ዜና መዋዕል 24)። ያሳደገውን ሰው ልጅ ያስገደለ ንጉሥ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ጻድቅ ይመስል ነበር። ጽድቁ የተውሶ ነበር፤ በዮዳሄ ፊት መወደድን ይሻ ነበር፣ ዮዳሄ ሲሄድ በሚሰግዱለት ሰዎች ፊት መወደድን ሻ። ጥሩ ጓደኛ ጥሩ ልምድ ይሰጣል፤ ልምዱን የራስ እምነት ማድረግ ግን ለማንም የማይወከል ሥራ ነው። የአስቆሮቱ ይሁዳም ከጌታ ጋር ውሎ አድሮ፣ ተልኮና ሰብኮ በመጨረሻ አሳልፎ ሰጥቶታል። መልካም ኅብረት ዕድል እንጂ ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

የቀራጩ ማዕድ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ክርስቶስ በቀራጩ በማቴዎስ ቤት በማዕድ ተቀመጠ (ማቴዎስ 9)። ተቃዋሚዎቹ የቀራጮችና የኃጢአተኞች ወዳጅ ይሉት ነበር፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ሦስቱ ምሳሌዎች የተነገሩትም ለዚህ ክስ መልስ ነው። በመዝሙር 1 እና በማቴዎስ ቤት መካከል ተቃርኖ አለ?

ወንጌላቱ ራሳቸው መልሱን ይሰጣሉ። ጌታ በዚያ ቤት የተቀመጠው ሕመምተኛ ሊፈውስ እንደሄደ ባለመድኃኒት ነው፤ ይህን ራሱ ተናግሮታል። በማዕዱ ዙሪያ ከነበሩት ሞገስ አልፈለገም፤ ከደጅ ሆነው ከሚያጉረመርሙት ፈሪሳውያንም አልፈለገም። ሌሊት ተነሥቶ ብቻውን የሚጸልይ፣ የሚወደድበትን የአባቱን ፊት የሚያውቅ ነበር። ስለዚህ ከማንም ጋር ቢቀመጥ የሚለወጠው ሌላው ነበር። ከዚያ ቤት ማቴዎስ ወንጌላዊ ሆኖ ወጣ።

ከዚህ ጋር ጴጥሮስን እናስተያየው። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ከሎሌዎች ጋር የከሰል እሳት ሲሞቅ አንዲት አገልጋይ ጠየቀችው፤ ካደ። ከዓመታት በኋላም በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ክርስቲያኖች ጋር በነፃነት ሲበላ ቆይቶ ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ። በርናባስ እንኳ አብሮ ተሳበ፤ ጳውሎስም በግልጽ ተቃወመው (ገላትያ 2)። በአንጾኪያ ጴጥሮስን የጎዱት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከኢየሩሳሌም የመጡ አማኞች ነበሩ፤ የጎዳው ደግሞ በእነርሱ ዘንድ ስሙ እንዳይጎድፍ መፍራቱ ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ክርስቲያን ከማን ጋር እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ለማን ብሎ ከማዕድ እንደሚነሣም ራሱን መጠየቅ አለበት።

የአውግስጢኖስ ምስክርነት

ከጥንት ክርስቲያኖች መካከል የጓደኝነትን ኃይል እንደ ሂፖው አውግስጢኖስ የመረመረ ጥቂት ነው። በ354 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ አልጄሪያ በምትገኘው ታጋስቴ ተወለደ። «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ሌሊት ከአንድ ዛፍ ፍሬ መስረቁን ይናገራል። አልተራበም፤ ቤቱ የተሻለ ፍሬ ነበረው፤ የሰረቁትንም አብዛኛውን ለእሪያዎች ጣሉት። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን እንደማያደርገው አጥብቆ ይመሰክራል። ከእኩዮቹ ያነሰ ባለጌ መስሎ መታየት ያሳፍረው እንደነበር፣ ያልሠራውን ኃጢአት ሠራሁ እያለ ይፎክር እንደነበርም አይደብቅም።

ከዚህ ይበልጥ የሚነካው የወዳጁ የአሊፒዮስ ታሪክ ነው። አሊፒዮስ ሕግ ሊማር ሮም ገባ። የግላዲያተሮችን ፍልሚያ ይጸየፍ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ የሚመለሱ ጓደኞቹ መንገድ ላይ አገኙትና እየሳቁ፣ እየጎተቱ ወደ ስታዲየሙ ወሰዱት። ሥጋዬን ልትወስዱ ትችላላችሁ፣ ልቤንና ዓይኔን ግን አታገኙም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ጆሮውን ግን አልደፈነም። አንዱ ተፋላሚ ሲወድቅ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ አሊፒዮስ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ እርሱም ጮኸ፣ ተቃጠለ፣ በደሙ ሰከረ። በሌላ ቀን ጎትተው ካመጡት ሰዎች ቀድሞ የሚመጣ፣ ሌሎችንም የሚጎትት ሆነ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ዓላማም ነበረው። ያሸነፈው በራሱ ብርታት ላይ መታመኑና የሕዝቡ ጩኸት ነው።

ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በ386 በሚላኖ በአንድ የአትክልት ስፍራ አውግስጢኖስ በእንባ ሆኖ ሐዋርያዊውን መልእክት ሲያነብና ልቡ ሲመለስ ከአጠገቡ የነበረው ያው አሊፒዮስ ነው። መጽሐፉን ተቀብሎ ቀጣዩን ቃል አነበበና አብሮት ተመለሰ። በ387 ፋሲካ ሁለቱም በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቁ፤ ኋላም ሁለቱም ጳጳሳት ሆኑ። በጓደኛ የወደቀ ሰው በጓደኛ ተነሣ። ጓደኝነት ስላቆሰለን ጓደኝነትን የምንሸሽ ከሆነ መድኃኒቱንም አብረን ጣልን ማለት ነው።

በረሃና ወዳጅነት

መነኮሳት ከሰው ስለራቁ የእነርሱ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም የሚመስለው ይኖራል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ቅዱስ አትናቴዎስ የአባ እንጦንስን ሕይወት ሲጽፍ ገና ከመጀመሪያው በአቅራቢያው ያሉትን መናንያን እየዞረ ከአንዱ ትዕግሥትን፣ ከሌላው ጸሎትን፣ ከሌላው ደግነትን ይቀስም እንደነበር ይተርካል። አባ ጳኩሚስ በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የአንድነት ገዳምን ሥርዓት የመሠረተው መጀመሪያ ለሽማግሌው ለጰላሞን ደቀ መዝሙር ሆኖ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ብቻውን የሚኖርን ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ የማንን እግር ታጥባለህ? ትሕትና፣ ትዕግሥትና ይቅርታ ሌላ ሰው በሌለበት የሚለመዱ ምግባራት አይደሉም።

ባስልዮስ ይህን የሚያውቀው ከራሱ ሕይወት ነው። በወጣትነቱ በአቴና ከናዚያንዙው ጎርጎርዮስ ጋር ተማረ። ከተማዋ በጣዖት ቤቶች፣ በድግስና በተማሪ ቡድኖች ጠብ የተሞላች ነበረች። ጎርጎርዮስ በወዳጁ መታሰቢያ ላይ ባደረገው ንግግር ሁለቱ የሚያውቋቸው መንገዶች ሁለት ብቻ እንደነበሩ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ መምህራኑ እንደሚወስድ ይናገራል። ከአቴና አልሸሹም፤ ትምህርቷንም አልናቁም። አንዱ በሌላው ዓይን መክበርን ስለመረጡ የከተማዋ ጭብጨባ አልገዛቸውም።

የአገራችን የምንኩስና ታሪክም በዚሁ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። ተሰዓቱ ቅዱሳን በአንድነት የመጡ ማኅበር እንደነበሩ ትውፊታችን ይናገራል። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞአ እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የቆሎ ተማሪም ግእዙንና ዜማውን ከየኔታ ሲማር ትዕግሥቱንና ማካፈሉን የሚማረው በአንድ ጎጆ አብረውት ከሚያድሩት፣ ለምኖ ያመጣውን አብረውት ከሚቆርሱት ጓደኞቹ ነው።

የቅርቡ ዘመን ምስክሮች

በአውሮፓም ይኸው ጥያቄ በተለያየ መልክ ተነሥቷል። በ12ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው መነኩሴ የሪቮው ኤልሬድ ስለ መንፈሳዊ ወዳጅነት በጻፈው መጽሐፍ በሁለት ወዳጆች መካከል ክርስቶስ ሦስተኛ ሆኖ እንደሚገኝ አስተማረ። የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረው ዊልያም ዊልበርፎርስ በ1785 ልቡ ሲመለስ ፖለቲካን ሊተው አስቦ ነበር፤ በቦታው እንዲቆይ የመከረው ቀድሞ የባሪያ መርከብ ካፒቴን የነበረውና ኋላ ቄስ የሆነው ጆን ኒውተን ነው። ክላፋም በተባለው ሰፈር ተሰባስበው የኖሩ ክርስቲያን ወዳጆቹም ለዓመታት ደገፉት፤ የባሪያ ንግድ በ1807 በሕግ ታገደ። አንድ ሰው የሠራው የሚመስለን ብዙ ሥራ በወዳጆች መካከል የተሠራ ነው።

ጀርመናዊው የነገረ መለኮት መምህር ዲትሪክ ቦንሆፈር በ1930 ለትምህርት ኒው ዮርክ ሲሄድ ፍራንክ ፊሸር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የትምህርት ጓደኛው በሐርለም ወደምትገኘው፣ የአቢሲንያን ስም ወደያዘችው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። በዚያ የተገፉ ሰዎችን እምነት በቅርብ አየ። ወደ አገሩ ተመልሶ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለናዚ መንግሥት ሲያጎበድዱ እርሱ ቆመ። በፊንከንቫልደ ወጣት አገልጋዮችን በኅብረት ኑሮ ያሠለጥንበት የነበረውን ቤት ጌስታፖ በ1937 ዘጋው፤ እርሱም ሚያዝያ 9 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. በስቅላት ተገደለ። ስለ ኅብረት ኑሮ በጻፈው መጽሐፍ ሚዛናዊ ማስጠንቀቂያ ትቷል፤ ብቻውን መሆን የማይችል ኅብረትን ይጠንቀቅ፣ በኅብረት የማይኖርም ብቻ መሆንን ይጠንቀቅ ይላል።

ለዚህ ዳሰሳ ዋና ሐሳብ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1944 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ለተማሪዎች ያደረገው ንግግር ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ በወረቀት ያልተጻፈ የውስጥ ክበብ እንዳለ፣ ወደዚያ ለመግባት መጓጓት ገና ክፉ ያልሆነን ሰው ክፉ ሥራ እንዲሠራ የማድረግ ኃይል እንዳለው ተናገረ። ፈተናው ቀንድ አውጥቶ አይመጣም። ቡና እየተጠጣ፣ በወዳጅነት ቃና፣ «እኛ ሁሌም እንዲህ ነው የምናደርገው» በሚል ሰው አፍ ይመጣል። በሐሰት ደረሰኝ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረመ ብዙ ሠራተኛ ያን ቀን የፈለገው ገንዘቡን ሳይሆን «የኛ ሰው» መባልን ነበር።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

ስለ ጓደኝነት ሁለት ተረቶች አሉን። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ የሚነግረን አንዱ ነው። ሌላው «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ይላል። የመጀመሪያው ጓደኛ ይለውጣል ሲል ሁለተኛው ቀድሞም የሚመሳሰሉት ይገናኛሉ ይላል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተከራከሩትም በእነዚሁ በሁለቱ መካከል ነው።

ክርክሩን ለመፍታት ጓደኛ በዕጣ የሚመደብበት ቦታ ያስፈልጋል። ብሩስ ሳሰርዶት የተባለ የኢኮኖሚክስ ምሁር በ2001 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ በዕጣ የተመደቡ የዶርም ጓደኞችን ተመልክቶ አንዱ በሌላው ውጤትና በሚቀላቀለው የተማሪ ማኅበር ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አገኘ። ሁለቱም ተረት እውነት አላቸው፤ ተመሳሳዮች ይገናኛሉ፣ ተገናኝተውም ይበልጥ ይመሳሰላሉ።

የሰለሞን አሽ ሙከራ ይበልጥ የታወቀ ነው። ከ1951 ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች ተሳታፊዎች ከሦስት መስመሮች የትኛው ከአንድ መስመር ጋር እኩል እንደሆነ እንዲናገሩ ይጠየቁ ነበር። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው። ነገር ግን ቀድመው የተመከሩ ሌሎች ሰዎች በአንድ ቃል የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ብቻውን የቀረው ሰው ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ስሕተቱን ተከተለ፤ ከአራት ሰዎች ሦስቱ ያህልም ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸነፉ። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ስሕተቱን መከተል በእጅጉ ወረደ። በባቢሎን ዳንኤል ሦስት ወዳጆች ነበሩት፤ አንድ ሰው ስንት ጉልበት እንዳለው የአሽ ሙከራ ያሳየናል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ታዳጊዎች በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ላይ እኩዮቻቸው ሲመለከቷቸው ብቻቸውን ከሆኑበት ይልቅ እጅግ ይበልጥ ለአደጋ እንደሚጋለጡ ታየ። የተለወጠው ነገር የሚመለከት ዓይን መኖሩ ነው። ጥናቱ የወንጌልን ነገር ሊያረጋግጥ የተሠራ አይደለም፤ ሰው በሚያዩት ሰዎች ፊት ሌላ ሰው እንደሚሆን ግን ከሮብዓም ታሪክ ጋር በአንድ ድምፅ ይመሰክራል።

የራሳችን ማኅበራት

በዚህ ረገድ አገራችን ትልቅ ሀብት አላት። የጽዋ ማኅበርን እንመልከት። በወሩ በ12 የሚካኤል ወይም በ21 የማርያም ዕለት አባላቱ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ የቀረው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። የታመመ ካለ ማን እንደሚጠይቀው ይነጋገራሉ፤ የተኳረፉ ካሉ ሽማግሌ ይቆምላቸዋል። ከዚያ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ሀብታሙና ድሃው፣ ምሁሩና ፊደል ያልቆጠረው በአንድ ስም ወንድማማች ሆነው ያረጃሉ። በዚያ ቤት ሰውን የሚያስከብረው ታርቆ መምጣቱ ነው። በየቦታው ይህ ሥርዓት ወደ ድግስ ፉክክርና ወደ መጠጥ ሲወርድ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ማኅበር የሚያከብረው ነገር ሲለወጥ የሚያወጣው ሰውም ይለወጣል፤ የተረኛው ከብት መታረዱ ከተረኛው መታረቅ ይልቅ የሚወራ ከሆነ ጽዋው ባዶውን እየዞረ ነው።

ሌላው ምስክር ከወንጌላውያን ወገን ነው። በደርግ ዘመን በ1974 ዓ.ም. (1982 እ.ኤ.አ.) የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። አባላቱ በትናንሽ ቡድኖች ተከፋፍለው በየቤቱ መገናኘት ጀመሩ። ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን በ1983 ዓ.ም. እንደገና በአደባባይ ስትሰበሰብ 34,000 ያህል ሆና ተገኘች። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ግልጽ ነው። በትልቅ አዳራሽ የማይታወቅ ሰው በጥቂት ሰዎች መካከል ይታወቃል፤ ቢቀር ይፈለጋል፣ ቢደክም ይደገፋል። ዕብራውያን 10፥24-25 መሰብሰብን ከመተያየትና ለመልካም ሥራ ከመነቃቃት ጋር ያያያዘው በከንቱ አይደለም።

ዛሬ የት ቆመናል?

ዛሬ አብረውን የሚውሉት በአካል የምናያቸው ብቻ አይደሉም። አንድ ወጣት ከቤተሰቡ ጋር ሳሎን ተቀምጦ በቲክቶክ ላይ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲሳደብ ያመሻል። ሞገስን የሚፈልገው ከእነርሱ ነው፤ የሚመስለውም እነርሱን ነው። በስደት ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ቤሩት ወይም ዱባይ ለቤት ሥራ የገባች ልጅ፣ ዋሽንግተን የደረሰ ወጣት ከማኅበሩና ከጎረቤቱ ዓይን በአንድ ሌሊት ይለያል። በአገር ቤት የነበረው ጠባይ የራሱ ይሁን የሰፈሩ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። በእነዚያ ከተሞች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት በዕረፍት ቀን ከጸሎቱ በኋላ አብሮ ለመብላት የሚከፍቱት አዳራሽ ከስብከቱ ያላነሰ ሥራ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይዘን መውጣት እንችላለን። የመጀመሪያው፣ ክርስቲያን ከማንም ጋር በማዕድ መቀመጥ ይችላል፤ ነገር ግን ምክሩን የሚቀበልባቸውን፣ ስሕተቱን የሚነግሩትንና በፊታቸው የሚያፍርባቸውን ሰዎች በጥንቃቄ ይምረጥ። የንስሐ አባት፣ የጸሎት ጓደኛ፣ እውነቱን ሳያለዝብ የሚናገር አንድ ወዳጅ ለዚህ ያስፈልጋሉ። ራሱን መመርመር የሚፈልግ ሰው በየትኛው ጓደኛው ፊት ደግ መሆን እንደሚያሳፍረው ይጠይቅ። ያ ጓደኛ ምንም ተወዳጅ ቢሆን እየጎዳው ነው።

ሁለተኛው ለወላጆችና ለአገልጋዮች ነው። ልጅን ከክፉ ጓደኛ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ ባዶ የተተወ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። የልጃችሁን ጓደኞች ቤታችሁ ጋብዙ፣ ስማቸውን እወቁ። ወጣቱ የሚናፈቅበትና የሚደመጥበት ቦታ በቤተ ክርስቲያን ካላገኘ ሌላ ቦታ ያገኘዋል፤ እዚያ የሚከፍለውን ዋጋ ደግሞ የምናውቀው ዘግይተን ነው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ሁላችንም የትኛው ጓደኛ እንደሚያበላሸን እንጨነቃለን፤ እኛ ለሌላው ምን ዓይነት ጓደኛ እንደሆንን ግን አንጠይቅም። ዮናታን በዚፍ ምድረ በዳ ወደ ዳዊት ሄዶ እጁን በእግዚአብሔር አጸናለት (1ኛ ሳሙኤል 23፥16)። በርናባስ ሁሉም የፈሩትን ሳውልን ይዞ ወደ ሐዋርያት ገባ፤ ጳውሎስ ያልተቀበለውን ማርቆስንም አልጣለውም፣ ኋላም ጳውሎስ ራሱ ማርቆስ እንደሚጠቅመው መስክሯል። ሰው ሞገስ የሚያገኝበትን ነገር የሚሆን ከሆነ እኛ የምናመሰግነውና የምንስቅለት ሁሉ አንድን ሰው እየቀረጸ ነው። ሐሜትን በሳቅ ከተቀበልን ሐሜተኛ እንሠራለን፤ ታማኝነትን ባከበርን ጊዜ ታማኝን እናጸናለን። ስለዚህ ጓደኛ ለመምረጥ የምንጠነቀቀውን ያህል ለሌላው መልካም ጓደኛ ለመሆን እንትጋ፤ ዛሬ በእኛ ፊት መወደድን የሚሻ ሰው በአጠገባችን አለና።